የሱዳንን ጦርነት ማን ያስረዳን? ታማኝ ተንታኝ የመለያ መንገድ

ስለ ሱዳን ጦርነት የሚያወራ ሰው ሞልቷል። አንዱን ዩቲዩበር ስትሰሙ የሱዳን ጦር በሚቀጥለው ሳምንት የአገሪቱን ምዕራብ፣ ዳርፉርን፣ ጠቅልሎ ይይዛል። ሌላውን ስትሰሙ ጦሩ አልቆለታል። ሁለቱም ካርታ ዘርግተው፣ ቀይና አረንጓዴ ቀብተው፣ በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። መተማ ዘመድ ያለው፣ ካርቱም ሠርቶ የተመለሰ ወይም ሪያድ ከሱዳናዊ ጋር አንድ ቦታ የሚሠራ ሰው ግን ይሄን ጉዳይ ለጊዜ ማሳለፊያ አይከታተለውም። ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፣ በቃ።

እዚህ የማሳያችሁ አንድን ተንታኝ ራሳችሁ እንዴት እንደምትፈትሹት ነው። ስምም እጠቅሳለሁ፣ ግን ስሙን ሳይሆን ዘዴውን ያዙ። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የሚሠራላችሁ እሱ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። “ገለልተኛ” ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ሁለቱንም ወገን እኩል የሚወቅስ ሰው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥፋቱ እኩል ካልሆነ ወቀሳው እኩል የሚሆንበት ምክንያት የለም። እኔ የምፈልገው፣ ወደ አንዱ ወገን ቢያዘነብል እንኳን ያ ወገን ሲያጠፋ አፉን የማይዘጋ ተንታኝ ነው።

1. መጀመሪያ አጽሙን ያዙ

ትንታኔ ከመስማታችሁ በፊት የታሪኩን አጽም ራሳችሁ እወቁት። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ጦርነቱ የተነሳው ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ነው። በአንድ በኩል በጄኔራል አብዱልፈታህ አል ቡርሃን የሚመራው የአገሪቱ ጦር አለ። በሌላ በኩል መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ ማለትም ሁሉም ሰው ሄሜቲ የሚለው ሰውዬ፣ የሚመራው ፈጣን ድጋፍ ሰጪ ኃይል አለ፤ ባጭሩ አርኤስኤፍ። ሁለቱ ጠላት ሆነው አልጀመሩም። በ2019 ፕሬዚዳንቱ ኦማር አል በሽር ሲወርድ አብረው ነበሩ። ኦክቶበር 2021 ላይ የሲቪሉን አስተዳደር ሲገለብጡም አብረው ነበሩ። ጸባቸው የከረረው አርኤስኤፍ በምን ያህል ጊዜ ወደ ጦሩ ይቀላቀል በሚለው ጥያቄ ነው፤ ጦሩ በ2 ዓመት ይጠናቀቅ ሲል ሄሜቲ 10 ዓመት ይሁን አለ። አርኤስኤፍን በ2013 ጃንጃዊድ ከሚባሉት የዳርፉር የአረብ ሚሊሻዎች አውጥቶ ያደራጀው ደግሞ ራሱ የበሽር መንግሥት ነው።

ይሄን ከያዛችሁ ብዙ ነገር ወዲያው ይገለጥላችኋል። ታሪኩን “ሁለት ጄኔራሎች በሥልጣን ተጣሉ” ብሎ የሚጀምርና እዚያው የሚጨርስ ሰው ዳርፉርን ዘሎታል። “የውጭ ወረራ ነው” ብሎ የሚጀምር ሰው ደግሞ አርኤስኤፍን ማን እንዳሳደገው ሊነግራችሁ አልፈለገም።

2. ዜናውንና ትንታኔውን ለዩ

ተንታኝ ከዜና ላይ ነው የሚሠራው። ዜናውን ከሌላ ቦታ ካላገኛችሁት እሱ የሰጣችሁን ብቻ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ በቀን አሥር ደቂቃ ለጥሬው ዜና መድቡ።

ለዳርፉር ራዲዮ ዳባንጋ አለ። ከ2008 ጀምሮ ከኔዘርላንድ የሚሰራጭ፣ በሱዳን ጋዜጠኞች የሚሠራ ጣቢያ ነው። የትኛው መንደር ተመታ፣ የማሽላ ዋጋ ስንት ገባ፣ የትኛው መጠለያ ውስጥ ኮሌራ ገባ የሚለውን ከእሱ ታገኛላችሁ። ለፖለቲካው ሱዳን ትሪቢዩን ይሻላል። በቪዲዮ ረዘም ያለ ምርመራ የምትፈልጉ ከሆነ አይን የሚባለው የሱዳናውያን ሚዲያ አለ። የጦር ሜዳውን ውሎ ለሚከታተል ደግሞ ሱዳን ዋር ሞኒተር። እነሱም ሰው ናቸው፤ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ግን ማን እንደነገራቸውና የት እንደሆነ ይጽፋሉ።

አረብኛ የማታነቡ ከሆነ የስልካችሁ ተርጓሚ ለዜና ይበቃችኋል። ለሱዳን የሰፈር ወሬና ቀልድ ግን አይበቃም፤ እዛ ላይ አረብ አገር የሠራች እህት ወይም አክስት ካለቻችሁ እሷን ጠይቁ።

3. ማይኩ የማን ነው?

ተንታኙ የቀረበበትን ጣቢያ እዩ። ስካይ ኒውስ አረቢያ መቀመጫው አቡ ዳቢ ነው። አል አረቢያ የሳዑዲ ነው። አልጀዚራ የኳታር፣ አል ቃሂራ ኒውስ የግብፅ። እነዚህ አገሮች በሱዳን ጉዳይ ተመልካች ብቻ አይደሉም። ግብፅ ከጦሩ ጎን ናት። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች አርኤስኤፍን ታስታጥቃለች የሚለውን ክስ የተመድ የባለሙያዎች ቡድን “ተዓማኒ” ብሎታል፣ ኤምሬቶች ደግሞ እስከ ዛሬ ትክዳለች። አንድ ሰው እዚያ ጣቢያ ስለቀረበ ብቻ ውሸታም አይሆንም። ነገር ግን የጣቢያውን ባለቤት የሚያስቆጣ ነገር እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲናገር ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ይሄን ራሳችሁን ጠይቁ።

እዚህ ላይ ጥሩ መፈተኛ የሚሆን ነገር አለ። ሱዳን በ2025 ኤምሬቶችን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ሜይ 5 ላይ መዝገቡን ዘጋው፤ የዘጋውም ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ ነው። በክሱ ፍሬ ነገር ላይ ምንም አልፈረደም። “ኤምሬቶች ነጻ ወጣች” ያለም፣ “ፍርድ ቤቱ ተገዝቷል” ያለም ተንታኝ ወይ ውሳኔውን አላነበበም ወይ እናንተ አታነቡም ብሎ ተማምኗል።

በነገራችን ላይ ኤምሬቶች ውስጥ የምትኖሩ ወገኖች፣ ማንበብና መስማት ሌላ፣ ኮሜንት መጻፍና ሼር ማድረግ ሌላ ነው። የአገሩ የኢንተርኔት ሕግ ጥብቅ ነው። ዝም ብላችሁ አንብቡ።

4. የሁለት ቀን ፈተና

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይሄን አትዝለሉ። ሁለት ቀን ትይዛላችሁ፤ አንዱ አርኤስኤፍን የሚያሳፍር፣ ሌላው ጦሩን የሚያሳፍር።

የመጀመሪያው ጁን 2023፣ ኤል ጀኔይና ነው። የምዕራብ ዳርፉር ዋና ከተማ ናት። አርኤስኤፍና ከጎኑ የተሰለፉ የአረብ ሚሊሻዎች የማሳሊት ብሔረሰብ ተወላጆችን ጨፈጨፉ። የግዛቱ ገዥ ኻሚስ አባከር በቴሌቪዥን ቀርቦ አርኤስኤፍን ከሰሰ፤ በሰዓታት ውስጥ ተይዞ ተገደለ። ወደ ቻድ በእግሩ የሸሸው ሕዝብ መንገድ ላይ ተለቀመ። የተመድ የባለሙያዎች ቡድን ኋላ ላይ ባወጣው ሪፖርት ከተማዋ ውስጥ የተገደሉት ከ10,000 እስከ 15,000 እንደሚሆኑ ጠቅሷል።

ሁለተኛው ጃንዋሪ 2025፣ የገዚራ ግዛት ዋና ከተማ ዋድ መዳኒ ነው። ጦሩ ጃንዋሪ 11 ከተማዋን ከአርኤስኤፍ አስለቀቀ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፣ ደስታውም የእውነት ነበር፤ በአርኤስኤፍ ሥር ያለፈው አንድ ዓመት የግድያ፣ የዘረፋና የመደፈር ዓመት ነበርና። በዚያው ሰሞን ግን ከጦሩ ጋር የተሰለፉ ታጣቂዎች “ካናቢ” በሚባሉት የእርሻ ሠራተኞች መንደሮች ሰው ገደሉ፣ ደቡብ ሱዳናውያንንም ገደሉ። ቪዲዮው ጁባ ሲደርስ ረብሻ ተነሳ፣ የሱዳናውያን ሱቆች ተዘረፉ፣ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሰዓት እላፊ አወጀ፤ ማኅበራዊ ሚዲያም ለቀናት ዘጋ። ጦሩ ራሱ ድርጊቱን የግለሰቦች ጥፋት ብሎ አውግዟል።

አሁን የተንታኙን ገጽ ክፈቱና ወደነዚህ ቀኖች ተመለሱ። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ መፈለጊያውን ስትነኩ የቀን መቁጠሪያ ይመጣላችኋል፣ ቀኑን መርጣችሁ ቀጥታ መዝለል ነው። ኤክስ ላይ “አድቫንስድ ሰርች” የሚለው ገብታችሁ የሰውየውን ስምና የቀኑን ክልል ትሞላላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ቻናሉ ውስጥ ያለችውን የመፈለጊያ ምልክት ተጫኑና የከተማዋን ስም ጻፉ፤ በእንግሊዝኛም በአረብኛም ሞክሩ፣ አጻጻፉ ይለያያልና።

ምን ታገኛላችሁ? አንዳንዱ በአንደኛው ቀን አሥር ቪዲዮ ሠርቶ በሁለተኛው ቀን ስለ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያወራል። እሱን ተዉት። አንዳንዱ ሁለቱንም አንስቷል፣ ግን አንዱን “ጭፍጨፋ”፣ ሌላውን “በጦርነት የሚያጋጥም ነገር” ብሎ አልፏል። እሱንም በጥርጣሬ ያዙት። ሁለቱንም በስማቸው የጠራ፣ ማን እንደፈጸመ የተናገረ፣ የማያውቀውን አላውቅም ያለ ካገኛችሁ ስሙን ጻፉት፤ ብዙ አይደሉም።

በሌላ በኩል “ያው ናቸው፣ ሁለቱም ገዳይ ናቸው” ብሎ የሚዘጋ ሰው ፈተናውን ያለፈ እንዳይመስላችሁ። የተመድ እውነት አፈላላጊ ተልዕኮ ሁለቱም ወገኖች የጦር ወንጀል መፈጸማቸውን ሲያረጋግጥ፣ አርኤስኤፍን በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀልም ጭምር ነው ያስቀመጠው። አሜሪካም በጃንዋሪ 2025 በመጀመሪያ አርኤስኤፍ ዘር ማጥፋት ፈጽሟል አለች፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ቡርሃን ላይ ማዕቀብ ጣለች። ጥሩ ተንታኝ ይሄን ልዩነት ለይቶ ያስረዳል። ሰነፍ ተንታኝ ጨፍልቆት ያልፋል፤ ጭፍለቃው ደግሞ ፍትሐዊ ያስመስለዋል።

5. “ሄሜቲ ሞቷል” ያለው ማን ነበር?

ጦርነቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ሄሜቲ ለወራት ከዓይን ጠፋ። ሞቷል ተባለ። የሚወጡት ድምፆችና ቪዲዮዎችም በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው ተባለ። ከዚያ ዲሴምበር 2023 መጨረሻ ላይ ሰውዬው ኡጋንዳ ታየ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ መጥቶ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ጋር ተገናኘ፣ ወደ ጂቡቲ፣ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካና ሩዋንዳም ሄደ።

እንግዲህ ሞቱን በእርግጠኝነት ያወጁ ተንታኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ምን አሉ? ያረመና ምንጩ ማን እንደነበረ የተናገረ ሰው ሊታመን ይችላል። ቪዲዮውን አጥፍቶ ወደ ሌላ ርዕስ የሄደ አይታመንም። አዲስ አበባ የታየው ሌላ ሰው ነው ብሎ የቀጠለም ነበር፤ ስለሱ ምንም አልልም።

የተሠራ ድምፅ ጉዳይ ግን የምር ነው። በ2023 ቲክቶክ ላይ አንድ አካውንት የበሽርን ድምፅ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አስመስሎ ሲያወጣ ብዙ ሕዝብ ሰምቶታል። ስለዚህ “ሾልኮ የወጣ ድምፅ” ላይ ብቻ ቆሞ አንድ ሰዓት የሚተነትን ሰው ሲያጋጥማችሁ ዝለሉት።

6. ቁጥር ሲጠራ ጆሯችሁን አቁሙ

በዚህ ጦርነት ስንት ሰው ሞተ? ማንም አልቆጠረም። የለንደኑ የሃይጂንና ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በኖቬምበር 2024 ባወጡት ጥናት፣ በካርቱም ግዛት ብቻ በመጀመሪያዎቹ 14 ወራት ከ61,000 በላይ ሰው እንደሞተ ገመቱ። ከነዚህ ውስጥ 26,000 ገደማ በቀጥታ በጥቃት የተገደሉ ናቸው፤ የቀሩት በበሽታ፣ በረሃብና በመሳሰለው። የወቅቱ የአሜሪካ ልዩ መልዕክተኛ ቶም ፔሪዬሎ ደግሞ እስከ 150,000 የሚደርስ ግምት ጠቅሰው ነበር። ግጭቶችን የሚመዘግበው አክሌድ የተባለው ድርጅት የሚያወጣው ከነዚህ በጣም ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም የሚቆጥረው በዜናና በምንጮች የተዘገበውን ግድያ ብቻ ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች አይጣሉም፤ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው። አንድ ተንታኝ ቁጥር ሲጠራ ሦስት ነገር መናገር አለበት፦ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሞተ። ሦስቱንም ሳይነግራችሁ ትልቁን ቁጥር ብቻ እያነሳ የሚጮህ ካለ ቁጥሩን ሳይሆን ጩኸቱን ነው የሚሸጥላችሁ።

7. ቪዲዮው ከየት መጣ?

ሱዳን ውስጥ ኢንተርኔት በብዙ ቦታ የለም። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ አብዛኛው አገር ተቋርጦ ነበር። በአርኤስኤፍ በተያዙ ቦታዎች ሰው ስታርሊንክ በሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ላይ ይንጠላጠላል፤ መሣሪያው ብዙ ጊዜ በታጣቂዎች እጅ ስለሆነም ለአንድ ሰዓት ኢንተርኔት ከፍሎ ነው የሚገባው። ይሄ ምን ማለት ነው? ከዚያ የሚወጣው ቪዲዮ በአመዛኙ መሣሪያ የያዘው ሰው እንዲወጣ የፈለገው ነው፣ ወይም ሕይወቱን አስይዞ የላከ ሰው ነው። ዝምታም ሰላም ማለት አይደለም። “ከዚያ አካባቢ ምንም አልተሰማም፣ ተረጋግቷል” የሚል ተንታኝ ይሄን ያልገባው ነው።

የሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ ኤል ፋሸርን ተመልከቱ። ከተማዋ ከ500 ቀን በላይ ተከባ ኦክቶበር 26 ቀን 2025 በአርኤስኤፍ እጅ ስትወድቅ ግንኙነቱ ተቆርጦ ነበር። የዬል ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ጉዳዮች ምርምር ላብራቶሪ ከሳተላይት ምስል ላይ ከተማዋን የከበበውን የአፈር ክምር አስቀድሞ አሳይቷል፤ ከወደቀች በኋላ ደግሞ መሬት ላይ የተረፈረፉ ነገሮችንና ቀይ ነጠብጣብ አሳየ። የላብራቶሪው አጻጻፍ ላይ ልብ በሉ። “አስከሬን ነው” አይልም፣ “ከሰው አካል መጠን ጋር የሚጣጣም ነገር” ይላል። ገዳዮቹ ራሳቸው ቀርጸው የለቀቁት ቪዲዮ ከዚህ ጋር ተመሳክሮ ነው ነገሩ የተረጋገጠው። ተንታኛችሁ እንዲህ ዓይነቱን “የሚጣጣም”፣ “የሚመስል” የሚል ቃል ቆርጦ ጥሎ “ተረጋገጠ” ካለ፣ ነገ ሌላም ነገር ይቆርጣል።

8. የሚጠቀምበት ቃል ወገኑን ይነግራችኋል

ጦርነቱን ሁልጊዜ “የክብር ጦርነት” የሚል ሰው በጦሩ ቋንቋ ነው የሚያወራው። “የ56ቱን መንግሥት ማፍረስ” የሚል ደግሞ በአርኤስኤፍ ቋንቋ፤ ሱዳን ነጻ የወጣችበትን 1956 ማለታቸው ነው። ተቃዋሚውን ሁሉ “ፉሉል” ማለትም የበሽር ርዝራዥ የሚል አለ፣ ሲቪል ፖለቲከኞችን ሁሉ “ቀሓታ” እያለ የሚሳደብ አለ። አንዴ ቢጠቀምበት ምንም አይደለም። በየአረፍተ ነገሩ ከመጣ ግን የምትሰሙት ቅስቀሳ ነው።

9. የኛዎቹን ጠበቅ አድርጉ

በአማርኛ ስለ ሱዳን የሚተነትኑትን በተለየ ጥንቃቄ ስሟቸው። ከሱዳን ጋር የምንወዛገብበት የድንበር መሬት አል ፋሽቃ አለ፣ የአባይ ግድብ አለ፣ ሄሜቲም አዲስ አበባ መጥቷል፣ ዐቢይም ጁላይ 2024 ፖርት ሱዳን ሄዶ ቡርሃንን አግኝቷል። ስለዚህ ብዙው የኛ ሰው ስለ ሱዳን የሚያወራ ይመስለዋል እንጂ ስለ ራሳችን ፖለቲካ ነው የሚያወራው። መለያው ቀላል ነው። በአንድ ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ ስንት ሱዳናዊ ስም ተጠራ? ከሁለቱ ጄኔራሎች ሌላ አንድም ከሌለ ርዕሱ ሱዳን አይደለም።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። እንግሊዛዊውን ተመራማሪ አሌክስ ደ ዋልን በትግራይ ጦርነት ጊዜ በጻፈው የተቀየመ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ሰውዬው ግን ዳርፉርን ከ1980ዎቹ ረሃብ ጀምሮ ያጠና ነው። ስለ አንዱ ጦርነት ያልተስማማችሁትን ሰው ስለ ሌላው ማንበብ ትችላላችሁ፤ ፈተናውን እንደማንኛውም ሰው ስጡት።

10. አራት ስም ብቻ ያዙ

ሃያ ቻናል መከታተል ሰውን ያደክማል እንጂ አያሳውቅም። አራት ይበቃል፤ ከአራቱ ሁለቱ ቢያንስ ሱዳናውያን ይሁኑ። ለመጀመሪያ እንዲሆናችሁ ኮሉድ ኸይር አለች፣ ኮንፍሉዌንስ አድቫይዘሪ የተባለውን የጥናት ተቋም የመሠረተች። መጅዲ አል ጊዙሊ አለ፣ ረጅም ጽሑፍ ለሚወድ። የመሣሪያና የወርቅ ንግዱን ለሚከታተል ሱሊማን ባልዶ። እነዚህንም ከላይ ባለው ሁሉ ፈትኗቸው፤ እኔ ስላልኩ አትቀበሉ።

ከተንታኝ ሌላ ደግሞ በየሰፈሩ የተደራጁት የሱዳን ወጣቶች አሉ፣ “የድንገተኛ ምላሽ ክፍል” የሚሏቸው። ሾርባ ቤት የሚያንቀሳቅሱት፣ መድኃኒት የሚያድሉት እነሱ ናቸው፤ ሁለቱም ወገኖች አባሎቻቸውን አስረዋል። ፌስቡክ ገጻቸው ላይ ትንታኔ አታገኙም። የትኛው ሰፈር ዛሬ ምግብ አልደረሰውም የሚለውን ግን ከማንም ቀድመው ይጽፋሉ። ተንታኙ “ከተማዋ ወደ ሕይወት ተመለሰች” ሲላችሁ እዚያ ሄዳችሁ እዩ።

ትልቅ ዜና በሚሰማበት ቀን ተንታኝ አትክፈቱ። የዚያን ቀን ሮይተርስንና ዳባንጋን ብቻ አንብባችሁ ተኙ። ትንታኔውን በሦስተኛው ቀን ስሙ፤ በመጀመሪያው ቀን የተጮኸው ግማሹ እስከዚያ ይረግፋል። ተንታኙ “ይሆናል” ያለውን ነገር ከነቀኑ ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። በየሦስት ወሩ ማስታወሻውን አንብቡት፣ ተሳስቶ ያላረመውን አውጡና በሌላ ተኩት።